ግፊ

ሐምሌ ነው ግንፍሌ፤ ቆርቆሮው ሌሊቱን ሲደለቅ አድሮ፣
ወንዙም ጭቃ ጠግቦ ድልድዩን ሲገፋው፣ ሲያጓራ አምርሮ፣
ሊነጋጋ ሲል ዝም አለ።
ዝናቡ ሄደ እንጂ፣ ብርዱ ከደጃፌ አልሄድ አለ።

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ጃንጥላዬን አጥፌ፣
የዲኤክሷን መስታወት ላቡን በሻሼ ጫፍ ገፍፌ፣
ቁልፉን ጠመዘዝኩት።
ጭጭ።
ደገምኩት፤ ጭጭ።
በሦስተኛው፣ ሳል እንደያዘው ሽማግሌ
«እኽ» ብላ፣ ቀይዋ መብራቷም አብራ ተኛች።

ሲራክ በነበረ ጊዜ «ባትሪማ ዘንድሮ እንገዛለን» እያለ
አራት ክረምት አለፈ፤
በአራተኛው እሱም አለፈ።
መኪናዋ ቀረችኝ፣ ከነሞተሪኖዋ ንዝንዝ፣
ከነወንበሯ ሽታ።
ዛሬ ደግሞ ተረኛ ነኝ፤ የሌሊቷ ነርስ እግሯ አብጦ
እኔን ትጠብቃለች፣ ዓይኗን በሩ ላይ ሰክታ።

ወርጄ ቆምኩ። ሰው መጥራት አላውቅበትም፤
ከማስቸገር በእግሬ ብሄድ እመርጣለሁ፣ ብዘገይም።

መጀመሪያ የመጣው ነስሩ ነው፣ የዳቦ ደንበኛውን ትቶ፣
ከዚያ ዘበኛው መርጊያ፣ ካፖርቱ ላይ ላስቲክ ጎትቶ፣
ከዚያ የወይዘሮ ጥሩዓለም ልጅ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፤
እናቱ በአጥር ጫፍ «ጫማህን! አዲሱን ጫማህን!» ትላለች።
«ባትሪ ነው» አለ ነስሩ። «ካንዴላ ነው» አለ መርጊያ።
ልጁ ዝም ብሎ ገፋ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት! ዲኤክሷ ወገቧን ነቀነቀች፤
የቦዩ ዳር ሌሊት ተንዶ ኖሮ፣ በኋላ ጎማዋ ተይዛ ቀረች።

ያንን ቦይ ላስተዋውቃችሁ።
የአቶ ይርዳው አሸንዳ ውሃውን የሚተፋበት፣
የእኔ ግድግዳ ርጥበት ጠጥቶ የሚላጥበት፣
ወረዳ ድረስ የከሰስኩበት፣ ሽማግሌ የመለስኩበት፣
ሰላምታ ካቆምን ሁለተኛ ክረምት የገባበት፣
ሁለት ክንድ የማይሞላ ቦይ ነው።
በክሱ ወረቀት ላይ ያላደረገውንም ጨምሬ አጽፌበታለሁ፤
ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁን እላለሁ።

የብረት በሩ ሲጢጥ አለ።
አቶ ይርዳው፣ በፒጃማ፣ በቦቲ፣ ጣውላ በትከሻው።
ማናችንንም አላየም፤ ጎንበስ ብሎ ጣውላውን
ከጎማዋ ሥር እንደ ሽብልቅ ሰካው።
መዳፉን ከኋላ ኮፈኗ ላይ አሳርፎ
«ግቢ» አለ፤ ለመርጊያ የነገረው ይመስል ወደ መርጊያ ዞሮ።

ገባሁ። ሁለተኛ ማርሽ። ፍሪሲዮን ረግጬ መሪውን አነቅሁ።
ጣውላው አቃሰተ፤ ጎማዋ ወጣች፤
ኮብልስቶኑ ተንቀጫቀጨ፣ ቁልቁለቱ ተቀበለን፤
ከኋላዬ ድምፅ መጣ፣ ሁለት ዓመት ያልሰማሁት፦
«ልቀቂው!
ልቀቂው እንጂ፣ ልቀቂው!»

ለቀቅሁት።

ሞተሩ ጮኸ፤ ሰማያዊው ጭስ ሰፈሩን ሸፈነው።
ብቆም ትጠፋለች፤ ምስጋናዬ በመስኮት የወጣ እጅ ብቻ ነው።
በስፖኪዮው አየሁት፦ ጭቃ እስከ ደረቱ ተረጭቶ
ከነስሩ ጋር ይስቃል፤ አንድ ጥርሱ ወልቆ ኖሯል፣ መቼ ይሆን?
እስከ አራት ኪሎ ድረስ አንዲት ቃል ስታኘክ ሄድኩ፦
ግፌን በግፊ መለሰው።

ማታ ባትሪ አልገዛሁም፤ ዋጋውን ጠይቄ ወጣሁ።
አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሬ አቆምኳት፤ ነገም ሐምሌ ነው።
ሁለት ኪሎ ሙዝ አንጠልጥዬ በሩን ላንኳኳ እጄን ሳነሣ
የሰፈሩ መብራት ጠፋ።
«ማነው?» አለ ከጨለማው ውስጥ።
«ጎረቤት» አልኩ፣ ስሜን መጥራት አፍሬ።

ጣውላው ዛሬም ቦዩ ላይ ነው፣ የጎማዬ ጥርስ ታትሞበት፤
እሱ አላነሣውም፣ እኔም አላነሣሁት።