ያልላበው ማልያ

ከሜዳው ወለል ሥር፣ ቧንቧ በሚያጓራበት፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማልያ ሳጥብ ኖርኩበት።
ውጪ የኬንታኪ ብርድ፣ እዚህ ግን ወበቅ ነው፤
የወጣት ላብ ሽታ፣ ከሁሉ የማውቀው።
ማን እንደሮጠ፣ ማን እንደለገመ፣
ማን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እንደከረመ፣
ጋዜጣ አልገዛም፤ ከአንገትጌው አነባለሁ፤
ጨው የጻፈውን ፊደል እኔ እቆጥራለሁ።

ቅዳሜ ለታ ግን ያቺ ሃያ አራት ቁጥር
ደርቃ፣ እንደታጠፈች መጣች፣ ያለ አንዲት የላብ ዘር።
ጃርቮን ቶሊቨር አልተጫወተም፤
ታግዷል። እስከ መቼ? የሚናገር የለም።

ነገሩ የአባቱ ነው። የከሰል ጉድጓዱ በተዘጋ ሰሞን
ትራክተር ሻጩ ፔቲግሩ ይዞ መጣ ፖስታውን።
«ልጅህ እኛ ዘንድ ይፈርም፤ ሌላውን ለእኔ ተወው»፤
ኤልሮይ አሥራ አንድ ሺህ ዶላር ከዓሣ መንጠቆ ሣጥኑ ከተተው።
ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቱ፤ ከጓሮ፣ በዛገ ቀለበት
ኳስ ይወረውር ነበር በዚያችው ሰዓት።

ኮሚቴው አምስት ሰው፤ ከረባት፣ መነጽር፣ ውሃ በብርጭቆ።
አንዷ ጠየቀችው፣ ድምጿ ለስልሶ፣ ቃሏ ተጠንቅቆ፦
«ታውቅ ነበር?»
«አላውቅም ነበር።»
«ከገንዘቡስ በልተሃል?»
እዚህ ላይ ልጁ ዝም አለ።
(ራሱ ነው የነገረኝ፣ ማድረቂያው ላይ ተደግፎ እያለ።)
ያ ክረምት ትዝ አለው፤ ቤቱ ሞቆ፣ መስኮቱ በላብ ርሶ፣
የእናቱ ስባሪ ጥርስ ተጠግኖ፣ ሳቋ ተመልሶ፤
እራት ላይ ሥጋ ቀረበ። «አሜን» ብሎ ጎረሰ፤
ማን አባቱን ይጠይቃል፣ «ሥጋው ከየት ደረሰ?»

«በልቼ ይሆናል» አለ።
ጻፉት።

ጠበቃው ወረቀት ገፋለት፦ «ከአባትህ ራስህን አውጣ፤
‹ዝምድና የለንም› ብለህ ፈርም፤ ቅጣቱ ወደ ግማሽ ይምጣ።»
ጃርቮን እስክሪብቶውን አየው፤ አየውና መለሰ፤
«ቀለበቱን ግንድ ላይ የቸነከረልኝ እሱ ነው» ብሎ ጨረሰ።

እኔ ሳሙና እንጂ ሕግ አላውቅም፤ ቢሆንም፣
አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ይህ፤ ሌላ ስም የለውም።
ፔቲግሩ ዛሬም ሦስተኛው ረድፍ ነው፣ ትራስ ባለው ወንበር፤
ስሙን በነሐስ ጽፈውለታል፣ ከመግቢያው በር።
ሻጭ ሸጠ። ገዢ ገዛ። ተጨባበጡ፤ ተለያዩ፤
ዳኞቹ ግን ከዕቃው በቀር የሚከሰስ አላዩ።

ደግሞ ሌሊት፣ ማሽኑ ሲዞር፣ ሌላው ሐሳብ ይመጣል፦
«ልጄን አይነኩብኝም» ያለ አባት ነገ ስንት ጊዜ ይሸጣል?
የኩዊንሲ እናት ያንኑ ፖስታ ከደጇ መልሳለች፤
እስከ ዛሬ ለጨዋታ ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ ትመጣለች።
እሷን ሳይ ቃሌ ከጉሮሮዬ ይወድቃል፤
ይህን እድፍ የትኛው ሳሙና ያስለቅቃል?

ሃያ አራትን ግን አጠብኳት፤ ልማድ ነው፣ ወይም እልህ፤
ውሃው እንደገባ ጠርቶ ወጣ፤ ዳኛው፣ ምነው መጥተህ ባየህ!

ትናንት ጨዋታው ሲያልቅ የኋላው በር ተንኳኳ።
ኤልሮይ ነው። ሜዳ መግባት ተከልክሎ፣ ፒካፑ ውስጥ ነበረ ለካ፣
በሬዲዮ ሲከታተል የልጁ ስም የሌለበትን ጨዋታ።
ኮፍያውን አወለቀ። ጥፍሩ ሥር የጣሪያ ሬንጅ፤ እጁ ላይ ፖስታ።
«ሚስ ቨርና፣ ሦስት መቶ ነው። በየሳምንቱ አመጣለሁ።
ልጁ እንዳይሰማ። ለማን ነው የሚከፈለው?»
አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው፤
ለማን ነው?

ቆየና ማልያዋን ለመነኝ።
ሰጠሁት።
እንደ ሕፃን ራስ በሁለት እጁ ይዞ አፍንጫው ድረስ አስጠጋት፤
ሳሙና ብቻ ሸተተው።