ማርሽ የሌለው መኪና

አማቴ ከፊት ናቸው፤ ቀበቶውን በአውራ ጣት ካንገት ወጥረው፣
በሌለው ፍሬን ላይ ቀኝ እግር ቸክለው፣ ምንጣፉን ቆፍረው።
ባሌ ከኋላ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ ከሆስፒታል አምጥቶ
ከእናቱ ትከሻ ጥሎታል፣ አፉን እንደ ሕፃን አስከፍቶ።
ኤልዳና ልጃችን ወንበሯ ላይ ተቀምጣ
ዋሻ ትቆጥራለች በኖርዌይኛ፣ አንዱ እንዳያመልጣት አፍጥጣ።
እማማ የሺመቤት ሰኔን ስለሚጾሙ
የብስኩት ካርቶን ያስነብቡኛል በየማደያው እየቆሙ፤
"ወተት" የምትል ቃል ስናገኝ
ወደ ቆሏቸው ይመለሳሉ፣ ምንም ሳይገረሙ።
(እኔም በዚያው የራሴን ቃል ፈልጌ አያለሁ፤
ማንም አይጠይቀኝም።)

"ማርሽ ቀንሺ!" ይላሉ አማቴ፣ ዳገት በታየ ቁጥር።
"አባባ፣ ማርሽ የለውም፤ በኤሌክትሪክ ነው የሚሽከረከር።"
ዝም።
ቁልቁለቱ ሲመጣ፣ "ማርሽ ቀንሺ!"
ሃያ ሁለት ዓመት በኤንትሬ፣ ከነተሳቢው፣ ከአሰብ አዲስ አበባ
ጨው ጭኖ፣ ናፍታ ጭኖ፣ ሲወጣና ሲገባ
የኖረ ጆሮ፣ ሞተር በማይጮህበት እንዴት ይተኛ?
"ይሄ ነገር ድምፁ የለም" ይሉኛል፣ "ወይ ሞቷል፣
ወይ አንቀላፍቷል፣ ከኋላ እንዳለው እንቅልፈኛ።"

ሌላም አለ። ዋሻ አፍ ስንደርስ፣ ሁሌ፣
"ክላክስ አድርጊ!"
እዚህ አገር ክላክስ ስድብ ነው። አላደርግም።
ሠርጌ ላይ ያልመጡ ሰው ናቸው። "የማን ልጅ ናት?" ብለው ጠይቀው፣
መልሱ ሳይጥማቸው ቀርቶ፣ ኋላ በስልክ፣ በሽማግሌ ታርቀው።
ዛሬም ስሜን አይጠሩም፤ "ሹፌሯ" ነው የሚሉኝ። አልጠላውም፤
ከ"ያቺ" ይሻላል፤ ከሹፌር አፍ ሲወጣም ስድብ አይደለም።

ኤድፊዮርድን አልፈን ፏፏቴው ጋ ቆምን።
እማማ ተሳለሙት፤ በሶ የጨረሱበትን ጠርሙስ ይዘው
ሊቀዱ ሲሉ አጥሩ መለሳቸው።
ከዚያ ሜዳው፣ ሃርዳንገርቪዳ፣
በሰኔ በረዶ ያልለቀቀው የድንጋይ ሽበት።
"ይሄ ነው ፓርኩ?"
"ይሄ ነው፣ አባባ።"
"በሩስ? ዘበኛውስ የታል፣ ትኬት የሚቆረጥበት?"
"በር የለውም።"
"ታዲያ ምኑን ነው የሚጠብቁት? ድንጋዩን?"
ዞረው አዩት፤ ያልታረሰውን፣ ማንም በወሰን ያልተካሰሰበትን።
"አንድ ጥማድ እንኳ..." አሉና ተዉት።
በሩቅ አጋዘን ታየ፣ ወይም ድንጋይ ነው፤
ኤልዳና ብቻ ምላለች።

መጸዳጃው በር ላይ ተራ ስንጠብቅ
እማማ የኮቴን እጅጌ ሳብ አደረጉ።
"ታርማ በር፣ ዋሻው ውስጥ፣ ጭጋግ የዋጠው ሌሊት ነው።
ረዳቱ ጎማ ሊያይ ወረደ።
ከወዲያ የመጣው መኪና ክላክስ አላደረገም።
በለጠ ነበር ስሙ፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ።
ነገረችኝ እንዳትይው።"
እጃቸውን ታጠቡ፤
ማድረቂያው ማሽን ሲጮህ ደንግጠው "በስመ አብ!" አሉ።

ስንመለስ፣ ከድልድዩ በፊት ያለው ዋሻ፣
ተራራው ሆዱ ውስጥ አደባባይ አለው፣ ሰማያዊ መብራት የበራበት።
አፉ ላይ ስንደርስ አማቴ ምንም አላሉም፤
ደክሟቸዋል፣ ወይም ሰልችቷቸዋል እኔን ማዘዝ።

እኔ ግን ነፋሁት። በረዥሙ።
አንዴ በቃኝ ብዬ፣ ደግሜ።

ድንጋዩ ተቀበለው፣ አዞረው፣ መለሰልን።
ባሌ ባነነ፤ "ምን ገጨሽ?"
የኋላው መኪና በመብራቱ ሰደበኝ።
ኤልዳና ቁጥሯ ጠፍቶባት ከአንድ ጀመረች።
አማቴ ሰማያዊ ሆነው፣
ቀበቶውን ከአውራ ጣታቸው ለቀቁት፤ ደረታቸው ላይ አረፈ።

ድልድዩ ላይ ወጣን። ውኃው ከታች፣ ሩቅ።
ዳገት የለ፣ ቁልቁለት የለ።
"ማርሽ ቀንሺ፣
ሙኒራ።"

ቀኝ እጄ ወርዶ
የሌለውን ማርሽ ፈለገው።