ሠላሳ

ደብረ ብርሃን ሆኜ ብርሃን ቀነስኩኝ፤
ሳቁብኝ።
ማሽኑ ነው ያስገደደኝ።

ከእርሻ ቢሮ ጨረታ በሰባት ሺህ የወጣ፣
ዓመታት አቧራ የጠጣ፣
ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ማኅተም ሲጠብቅ የኖረ፣
ጠባሴ፣ ከጥገና ሱቄ ጓዳ፣ እኔ ዘንድ አደረ።
አሁን በስተርጅና ያላየውን ቤት ሣል አሉት፦
ዝናብ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የሚያቃስት ሳንቃ፣
በፋኖስ ጭላንጭል የሚነቃ
መቶ ጥላ።
ሣል ቢሉት፣ እንደ ጉንፋናም ሳለ፤
ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ጮኸ፣ ምስሉ ግን እዚያው አለ።

በጨዋታው ውስጥ ፊት የለህም። ዓይን ነህ።
ፋኖስ የያዘች አንዲት እጅ ብቻ ናት ያለችህ።
ሠሪዎቹ ሰው አላበዙም፤ ፍርሃቱን
ከዝምታ ነው የቀመሙት፣ ከጠብታ፣ ከበር ሲጢጥታ።
በሩን ስገፋ፣
ዓለም ቀጥ።
ከበሩ ኋላ ያደፈጠው ያ ክፉ ነገርም ቀጥ፤
አፉን እንደከፈተ፣ ጥርስ ነቃይ ፊት እንደተቀመጠ ሰው።
የጎረቤቴ ልጅ ብዙአየሁ ከጎኔ ሆኖ ፍሬም ይቆጥራል፤
«አሥራ አንድ… ዘጠኝ… አሥራ አንድ» ይላል፣
«ጋሼ፣ ይሄ ጭራቅ ያሳዝናል።»

መስኮቱን ከፈትኩለት። የኅዳር ሌሊት ገባ፣
ከበሬሳ ወንዝ በኩል፣ ውርጩ እንደ ሌባ።
ብርድ ልብሱን ለእኔ፣ ብርዱን ለእሱ አካፈልኩ፤
አምስት ፍሬም አተረፍኩ።
ከዚያ ማጥፋት ጀመርኩ።
ጥላውን። በኩሬው ላይ የሚታየውን ሰማይ። የሣሩን ብዛት።
ፋኖሱ መርገብገቡን ተወ፤ ግድግዳው እርጥበቱን።
ሃያ ስምንት! ሠላሳ አራት!
ቤቱን ግን ፍርሃቱ ለቆት ወጣ፤ የቀረው
አዲስ ኖራ የተቀባ የቀበሌ አዳራሽ ነው።

በመጨረሻ ጉሙን አነሳሁ።
ምነው ባላነሳሁ።
ከጓሮው አጥር ወዲያ ኮረብታው እንደ ዳቦ ተቆርጧል፤
አንድ ዛፍ፣ ሥሩ ባዶ፣ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሏል።
ለካ ጉሙ ጌጥ አልነበረም፤
እንግዳ በር ሲያንኳኳ
ባልታጠበ ዕቃ ላይ ጣል እንደሚደረግ ነጠላ፣
ያልተሠራውን የሚከድን።

በነጋታው በአባቴ አይሱዙ ቁልቁል ወረድን፣
ደብረ ሲና፣ የትምህርት ቤት ፕሪንተር ሊጠገን።
ጣርማበርን ጉም ውጦታል። መንገዱ
ዐሥር ክንድ ያህል ብቻ ከፊታችን ይወለዳል፤
ያለፍነው ደግሞ ወዲያው ይሰረዛል።
«ከዚያ ወዲያ ገደል አለ?» አልኩት።
«አለ» አለኝ፣ «እኔ የምነዳው ግን የሚታየኝን ነው።»
ሁለተኛ ማርሽ። ያው ድምፅ፣ ያው ፍጥነት።
አንድ ሚኒባስ አለፈን፤ ፍሬን ያዘ፤
ተወረወረ፤ ደግሞ ፍሬን ያዘ።
«እሱ ስድሳ ይነዳና ይቆማል» አለ አባቴ ጌታነው፣
«እኔ ሠላሳ።»
ዋሻው ዋጠን። የሚቀጥለው ዓለም እስኪጫን
በጨለማ ጠበቅን፤
ተፋን።
ሚኒባሱ ቀድሞናል፣ አልዋሽም፤ ሹፌሩ ሻዩን ጨርሷል።
ተሳፋሪው ግን አጥር ሥር ተደርድሮ ያስመልሳል።

ማታ የምስሉን ጥራት አንድ እርከን ዝቅ አድርጌ
ጥላውን መለስኩ። ጉሙን መለስኩ።
ፍሬሙን ሠላሳ ላይ ገደብኩ፤ ስድሳን ተሰናበትኩ።
ብርሃኑን ብቻ እንደቀነስኩት ተውኩ።
ብዙአየሁ ቁጥሩን ረሳ።
ደረጃውን ወጣን፤ ሳንቃው አቃሰተ፤
ውኃው ጠብ… ጠብ…
በሩን ገፋሁ።
ዓለም አልቆመም።
ያ ነገርም አልቆመም።
ልጁ ዘሎ ብርድ ልብሴ ውስጥ ገባ፣

መብራት ሄደ።

ማራገቢያው እያዘገመ፣ እያዘገመ፣ ዝም አለ።
መስኮቱ እንደተከፈተ ነው፤ ጠባሴ በሙሉ ጠፍቷል።
«ጋሼ» አለኝ ከውስጥ፣ «ይሄም ጨዋታው ነው?»

አልመለስኩለትም።
ጨለማው ለስላሳ ነበር፣
አንዲት ፍሬም ሳይጎድለው።