የባለ ወፍጮው ወገብ

ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፣ ሂርማታ ገበያ፤
የሸምሰዲን ወፍጮ የሱቄ መጠጊያ።
እሱ በቆሎ ሲፈጭ ግድግዳዬ ይርዳል፤
ጥቁር ሱፍ ብዘረጋ ከሰዓት ይነጣል።

ወገቡን አውቃለሁ በሜትሬ ለክቼ፣
ሱሪውን ስንት ዓመት አስፍቼ አስፍቼ።
ዘጠና ስምንት ነበር መጀመሪያ ሲመጣ፣
ከዚያ መቶ ስድስት፣ መቶ አሥራ አራት ወጣ።
በልጁ ኒካህ ቀን አልገጥም ብሎ
በመርፌ ቁልፍ ታስሮ ዋለ ተንጠልጥሎ።

«ቀንስ» አለው ሐኪሙ፤ ወረፋው ብዙ ነው፣
ምኑን እንደሚቀንስ ማን ቁጭ ብሎ ያስረዳው?
የእህቱ ልጅ አንዋር ስልኩን ገልጦ መጣ፤
«ካርቦሃይድሬት ነው ያመጣብህ ጣጣ፤
እንጀራም፣ ዳቦም፣ ጎደሬም፣ በቆሎም
ከገበታህ ይውጣ፣ አንዱንም አትቀምስም።»

ይሄን ያለው እንግዲህ ለባለ ወፍጮ ነው!
ቀን ሙሉ ሲያስፈጭ ውሎ፣ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ፣
ማታ ዱቄት ጠላ።

ሥጋውን ጠበሰ፣ እንቁላል ቀቀለ፣
ቅቤ በማንኪያ ዋጠ፣ «ይሄ ነው» እያለ።
በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሱሪውን አጠበብኩ፤
ወር ሳይሞላው መጣ፣ ስፌቱን ተረተርኩ።
እውነቱን ለመናገር ቀንቼበት ነበር፤
የእኔም ሆድ ይመክራል ከመኪናው ጠርዝ ጋር።

ግን ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ።
አንዲት ሴት አምስት ኪሎ ማሽላ ብታመጣ
ሒሳቡን እሱ ስቶ በእሷ ላይ ተቆጣ።
ምሳ ዕቃዬን ስከፍት ዓይኑን ያሻግራል፣
ጎደሬዬን አይቶ ምራቁን ይውጣል፤
ከዚያ «መርዝ ነው» ይለኛል።

ሐሙስ ነው፣ ገበያ፤ ወረፋው ተደርድሮ፣
ጆንያ ላይ ተቀመጠ ላቡ ተንቆርቁሮ።
እጁ ይንቀጠቀጣል።
«ምን በላህ?» አልኩት።
«ምንም።»
ጎደሬዬን ቆርሼ መዳፉ ላይ አኖርኩት።
እንደ ሌባ ዞር ብሎ በላ።

በማግስቱ ይዤው ሄድኩ ወደ ሆስፒታሉ፣
ሲስተር ሎሚ ወዳለችበት፣ ሥነ ምግብ ክፍሉ።
«ጎደሬ ምን አረገህ?» ብላ ጀመረች።
«ሳታቆም በፊት፣ ሻይህ ስንት ስኳር ነበር?»
«አራት ማንኪያ።»
«በቀንስ?»
«ስድስት ብርጭቆ።»
«ማታስ?»
«ፓስታ። በዳቦ።»
«በእግርህስ?»
«ባጃጅ አለ።»
ሳቀች። «የወፍጮህ ፉርሽካ ለማን ነው?»
«በሬ ለሚያደልቡ።»
«ደህናውን ለበሬ፣ ነጩን ለራስህ!
የሰው እህል ሁሉ በሚዛን ትለካለህ፣
የራስህን ገበታ በግምት ትበላለህ።
እንዲህም ሰው ይከሳል፣ አልዋሽህም፤
ግን ስንት ወር ትችላለህ?»
ዝም አለ። ጆንያ ላይ የቀመሳት ጎደሬ
ገና አፉ ውስጥ ነበረች መሰለኝ።
«ያልተነፋ በቆሎ፣ አንድ ጭብጥ ጎደሬ፣
ጎመን ግማሽ ሳህን፣ ባቄላ ወይ ሽሮ።
ስኳሩን ተወው። ከኮቺ በእግርህ ና።»

አሁን ጠዋት ጠዋት በአዌቱ ዳር ይመጣል፣
ጫማው ጭቃ ሆኖ።
አንዋር አልተቀበለም፣ ስልኩን ይዞ ይሟገታል።
ወገቡ በሁለት ወር አንድ ጣት ቢቀንስ ነው፤
አንዳንዴም ይመለሳል፣ ዒድ የመጣ ጊዜ።
እኔም ሱሪውን ሳጠብ የተረፈውን ጨርቅ
ከውስጥ አጥፌ እሰፋለሁ እንጂ አልቆርጥም፤
ልብስ ሰፊ ያውቃል፣ መቀስ ያለፈበት አይመለስም።

ትናንት ሱሪውን ለብሶ፣ ቀበቶውን ስቦ፣
መስታወቴ ፊት ቆሞ በጎን አየኝ።
«አንተስ?» አለኝ፣
«ሜትሩ እንደሆነ አንገትህ ላይ ነው።»

አልመለስኩለትም። ሻዬን አማስል ነበር፤
ሦስተኛው ማንኪያ ላይ ነበርኩ።