ነገ ተመለስ

ጎንደርን ላያት አልመጣሁም፤
ማህተም ፍለጋ ነው የመጣሁት፣
የአባቴን ጡረታ ለሚያስከፍት
አንዲት ቁራጭ ወረቀት።

ከመተማ በሌሊት፣ ጉልበቴን በሰው ከረጢት ሥር አጥፌ፣
መዝገብ ቤቱ ደጃፍ ነጋልኝ፣ ከሰው ሁሉ ፊት ተሰልፌ፤
መስኮቱ ተከፈተ። ጸሐፊዋ ቀና አለች፣
"ፋይሉ እሱ ጋ ነው። እሱ የለም። ነገ ተመለስ" አለች።

ነገ።
አንድ ቀን ሙሉ ተመረቀልኝ፣ ሳልለምን፤
ምን ይደረግበታል ቀን?

"ግንቡን ግባና እይ እንጂ!" አለኝ የአልጋ ቤቱ ልጅ ይርጋ፣
ቁልፉን ከነእንጨቱ እየሰጠኝ፣ "ምን ሥራ አለህ እስኪነጋ?"
እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው፤ ካልሲዬ ተቀዷል፣
ጺሜ አድጓል፣ ስልኬ ሞቷል፣
ሆዴም የትናንቱን የመንገድ ምሳ ይዞ ያጉረመርማል፤
ንጉሥ ቢጠራኝስ፣ እንዲህ ሆኜ ይቀረባል?

ወጣሁ ወደ ፒያሳ።
ጣሊያን ሠርቶት የሄደው ፖስታ ቤት፣
ትከሻውን ለፀሐይ ሰጥቶ ያንቀላፋል በቁመት።
ዘበኛው አቶ ቢሻው ደረጃው ላይ ጋቢያቸውን ያፍታታሉ፣
"ደብዳቤ የሚልክ ጠፋ፤ ሰው በኪሱ ነው የሚያወራው" ይላሉ፣
"እኔ ግን እከፍታለሁ። በር ካልተከፈተ ይዝጋል።"

ከጎኑ ጎሚስታ፣ ከጎሚስታው አለፍ ብሎ ፎርኖ፤
ጣሊያኑ ሄዷል፤ ቃሉ ቀርቷል፣ ግብር ከፋይ ጎንደሬ ሆኖ።
ዳቦው ትኩስ ነው። ሁለት ገዛሁ። አንዱን ቆሜ በላሁ።
ካልሲ ላይ ተከራክሬ አምስት ብር አስቀነስኩ፣
ሻጯን ሳያት አፈርኩ፣
መልሼ ከፈልኩ።

ጸጉር ቤቱ አንድ ወንበር ነው፤ አንድ መስታወት፤ አንድ ሰው።
አያ ፈንቴ ሳሙናውን በብሩሽ እየመታው፣
"ከየት ነህ?" "ከመተማ።" "ሙቀቱስ እንዴት ነው?"
ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ነበርና አልመለስኩለት።

ያኔ ነው ያየሁት፤
በመስታወቱ ውስጥ፣ ከትከሻዬ በላይ፣
ግንቡ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ፣ ተገልብጦ፣
ከክቡ ማማ አናት ቁራ ተቀምጦ፤
ግማሽ ፊቴ አረፋ፣ ከጆሮዬ ቀጥሎ የንጉሥ ግድግዳ።
"ስንት ዓመቱ ነው?" አልኩ፣ ምላጩ ሲነሳ።
"መስታወቱ?" አለ። "የአባቴ ነው። ስድሳ።"

ከሰዓት ውሃ መጣ ተባለና ጀሪካን ከየበሩ ተንጋጋ፣
ክዳን የሌለው፣ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ።
እትዬ ጠጂቱ የቦኖውን ቁልፍ ከአንገቷ አንጠልጥላ
ወረፋ ያዛባውን ሁሉ ትቆጣለች።
"አንተ ረጅሙ! ቆመህ ከምታይ የእማሆይን ያዝላቸው!"
ያዝኩላቸው።
ሃያ ሊትር። አቀበት። እሳቸው ከኋላዬ፣
ምርኩዛቸው ድንጋዩን ጠቅ ጠቅ እያለ፣
በግራችን የግንቡ አጥር፣ ረጅም፣ ዝም ያለ።
"ከተማ እዚህ ላይ ይሁን ያለው ሰውዬ" አሉ እማሆይ፣
"ውሃ ቀድቶ አያውቅም።"

ማታ ይርጋ ጠየቀኝ፤ "እህ፣ ግንቡን አየኸው?"
"አየሁት።" "ስንት ሰዓት ቆየህ?" "ጺሜን ላጭቶ እስኪጨርሰው።"
አልገባውም። ሳቀ።
ሻወሩ እስከ ሁለት ሰዓት ብቻ መሆኑን ነገረኝ።
ታጠብኩ። ውሃው አስለፈለፈኝ።

ጠዋት ሰውየው አለ። ማህተሙም አለ። ቀለሙ ደርቋል።
እፍ አለበት። ደግሞ እፍ። በሦስተኛው መታው፤
በአባቴ ስም ላይ ግማሽ ክብ ወጣ፣ እንደ ጨረቃ።
"ይበቃል?" አልኩት።
"ለመተማ ይበቃል።"

ወደ አውቶቡስ ተራ ስወርድ ፖስታ ቤቱ ተከፍቷል፣
ማንም የለበትም።
ሁለተኛው ዳቦ ኪሴ ውስጥ ደርቋል።
ገባሁ። ለማን እንደምጽፍ ሳላውቅ
አንድ ቴምብር ገዛሁ።
አቶ ቢሻው ብድግ ብለው
የቀረውንም የበሩን ክንፍ ከፈቱት።