በቀር

ሰኞ ማታ፣ አፉላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ወጥቼ ክፍል ስገባ
እጄ ክሎሪን ክሎሪን ይላል፤
መምህርት ሉድሚላ መስኮት ትከፍታለች፣ አፍንጫ መቼ ይታዘዛል።

ስምንት ነን፤ ሁለቱ ሹፌር፣ አምስቱ አስታማሚ፣
እኔ በአርባ አንድ ዓመቴ ደብተር ተሸካሚ።
የዛሬው ትምህርት ኤክሰፕት። በቀይ አሰመረችበት፤
«ሁሉን ቆጥራችሁ ስታበቁ፣ አንዱን የምታወጡበት።»

በዕብራይስጥ ሑጽ ነው፤ ውጭ፣ ከደጅ የቆመ ማለት ነው፤
በእኔ ቋንቋ በቀር፤ ከመንገድ የቀረ፣ ገና የሚጠበቅ ሰው።
እንግሊዝኛው ግን ሳል ይመስላል፣
ጉሮሮ ጠርጎ ያልፋል።

ዓረፍተ ነገር ሥሩ አለችን። እኔ ሳላስብ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን
«ከዋሴ በቀር ሁላችን መጣን» ብዬ ጻፍኩ በእንግሊዝኛ።
ሙሉ ነጥብ። ከስምንታችን አንደኛ።

«ደግ። አሁን ትርጉሙን ሳትነኪ ቃሉን ለውጪው» አለች፤
ፈተናው ላይ አራት ምርጫ አለ፣ አንዷ ብቻ ትክክል ነች።
ሁላችን መጣን፤ ያልመጣው ዋሴ ነው።
ከዋሴ ሌላ የቀረ የለም።
ዋሴ ባይሆን ኖሮ የሚጎድል ሰው አልነበረንም።
ገለበጥኩት፣ አገላበጥኩት፣ እንደ አንሶላ አጠፍኩት፤
በየትም ባዞረው እሱን እዚያው ጎንደር አገኘሁት።

ትርጉም አይነካም ትላለች። አባታችን ይስማው ነው ስሙ፤
በወንድሜ ቅጽ ላይ ይሰማው ብለው አተሙ።
አንዲት ፊደል። ዘጠኝ ዓመት በኪራይ ክፍል ተቀምጦ
ተራ ይጠብቃል፣ በወረቀት የሌላ ሰው ልጅ ሆኖ ተለውጦ።

ሉድሚላ ደብተሬ ላይ ጎንበስ አለች፤ «ዋሴ ማነው?»
«ምሳሌ ነው» አልኳት። «ምሳሌ ብቻ ነው።»
ጥያቄዋን አልደገመችም፤ የራሷን የቀረ ሰው አስባ እንደሆን አላውቅም፤
ማርከሩን ሳትከድን አስቀመጠችው፣ እንዲህ ረስታ አታውቅም።

ማታ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ በደብተሩ ጀርባ፣ በገዛ ፊደሌ፣
ከዚያው ከቀረ ሥር ሌላ ቃል መዘዝኩ፤
ዋሴ ሳይቀር ሁላችን መጣን ብዬ ጻፍኩ።

ትርጉሙ ተነክቷል። ዜሮ ነው፣ አውቃለሁ።
አውቶቡሱ መጥቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ዘግቶ ሄደ፤
እኔ አነባለሁ።