የክር ልክ

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
ውሃ በሳምንት አንዴ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ቀኗ ናት።
ብሎኩ በሙሉ ነቅቷል፤ ባልዲ ከባልዲ ይጋጫል፤
እኔም ነቅቻለሁ፤ ስክሪኔ ላይ ቀይ ጽሑፍ ይንጫጫል።

«ላይብረሪውን መጫን አልተቻለም።»
ከግርጌው፣ በደቃቅ ፊደል፦ «ፋይሉ አለ፤ አርክቴክቸሩ ግን አይደለም፤
ያለው አርም ስልሳ አራት፣
የተፈለገው ኤክስ ሰማንያ ስድስት።»

አለ፤ ግን አይሆንም። እንዲህ ያለው ነው የሚያበግን፤
የጠፋስ ይፈለጋል፤ ያልጠፋውን የት ልሂድለት አሁን?

አራገፍኩት። መልሼ ጫንኩት።
ስሪቱን ዝቅ አደረግኩት፤ መሸጎጫውን ጠራረግኩት፤
አካባቢውን ከነስሙ አፍርሼ እንደ አዲስ ሠራሁት፤
የሳምንት ጥቅሌን በአንድ ሌሊት አቃጠልኩት።
ያው ቀይ፣ ያው ቃል።

ሲነጋ የገላን ዶሮ አርቢዎች ይጠብቁኛል፤
የአራት ወር የእንቁላል ሂሳብ በፌስታል አስይዘውኛል።
«ልጅቷ ኮምፒውተር ታውቃለች» ብለው ሊቀመንበሩ ምለውልኛል።

ከታች፣ በደረጃው ስር፣ ብረት ከብረት ይፋጫል፤
የጋሽ ባይሳ እጅ ነው፤ የምድር ቤቱ መስመር ያፈስሳል።
ባልዲዬን ይዤ ወረድኩ።
ልጃቸው ቶሌራ ጥርሱን ነክሶ መፍቻውን ሲታገል ደረስኩ።

«ተው» አሉት፣ ቀና ሳይሉ። «ቧንቧው ምንም አልሆነ፤
መገጣጠሚያውም ደህና ነው፤ ክሩ ነው የተለያየ።
በግድ ብታስገባው አንድ ዙር ይሄድልሃል፣
ሁለተኛም ይሄድልሃል፣
የገባ ይመስልሃል፤ ሁለቱንም ነው የምትበላው።
ከማጥበቅህ በፊት ጠይቅ እንጂ፤ ይኼ የማን ክር ነው?»

ባልዲዬን እዚያው ትቼ ደረጃውን ሁለት ሁለት ወጣሁ።

ማሽኔ አዲስ ነው፤ መስከረም ላይ ነው የገዛሁት፤
አርም ነው፤ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ተጽፎ ነው ያየሁት።
ታዲያ በዚህ ቤት ውስጥ፣ በዚህ ሌሊት፣
ኤክስ ሰማንያ ስድስት አምጡልኝ የሚል ማን አለ ባለቤት?

አንዲት መስመር ጻፍኩ፦ ማነህ?
ሳያፍር መለሰልኝ፤ የአሮጌውን ኮምፒውተሬን ስም ጠራ።

አምና ሰፈራችን ሲፈርስ፣ ዕቃችን በአይሱዙ ሲመጣ፣
የእማዬ ቁምሳጥን በዚህ ደረጃ አልወጣ አለ፣ አልወጣ።
አጋደምነው፤ አቆምነው፤ በበረንዳ በገመድ ሳብነው፤
በመጨረሻ እግሩን በመጋዝ ቆርጠን አስገባነው።
ዛሬም በሩ ሲከፈት
ወደ ቀድሞው ቤት ወለል፣ ወደዚያ ወዳዘመመው፣ ያጋድላል።

ኮምፒውተሬንም እንደዚያው ነበር ያጓጓዝኩት፤
ከአሮጌው ላይ ያለውን ሁሉ፣ ሳልመርጥ፣ ጠቅልዬ አሻገርኩት፤
ትእዛዝ የምጽፍበትን ጥቁር መስኮት እንኳ ከነአቧራው።
አዲሱም ማሽን፣ ይሉኝታ ይዞት፣ ከደጅ አልመለሰው፤
አስተርጓሚ አቆመለት።
ሰባት ወር ሙሉ እኔ ስናገር
እሱ በመሃል ቃል በቃል ሲያቀብል፣
ድምፁ ስላልተሰማኝ
ከማሽኔ ጋር ለሁለት የምናወራ መስሎኝ።

ላይብረሪውማ ትክክል ነበር፤ ለቤቱ ልክ የተሰፋ፤
ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ በሌላ ሰው አፍ።

ምልክቱን አነሳሁ፤ አስተርጓሚውን አመስግኜ ሸኘሁት።
ፓይተኑን በራሱ ቋንቋ መልሼ ጫንኩት፣
በቶሌራ ስልክ ኢንተርኔት፣ «ሒሳቡን ነገ» ብዬው።
አርባ ሰከንድ። ቀይ የለም። ጠቋሚው ብቻ ብልጭ ድርግም።

ወደ ባልዲዬ ስመለስ ውሃው ሄዷል።
ጋሽ ባይሳ ቧንቧውን በላስቲክ ጠፍረውታል፤
«እስክንገዛ ይቆያል» አሉ፤ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

እንግዲህ ፊቴን ሳልታጠብ ነው ገላን የምሄደው።
ነጠላዬን ላወጣ ቁምሳጥኑን ስከፍተው
በሩ፣ እንደ ልማዱ፣ ወደዚያ ወደሌለው ወለል አጋደለ።
እሱን ተውኩት።